«ጋሼ፣ ዛሬ አይወስኑ»፦ ስለ አንድ የደብረ ብርሃን የሽንት ቧንቧ ክሊኒክ

ከመሐል ሜዳ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ደብረ ብርሃን መድረስ ሽንቱን መያዝ ላልቻለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሞላሌ ላይ አንዴ፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ሾፌሩን ለምኜ ወርጃለሁ። 68 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምጽፈው እንደኔ ከመንዝና ከግሼ ለሚመጡ አባቶች፣ ይልቁንም ለልጆቻቸው ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ዓመት ሙሉ ተመላልሻለሁ። «የሽምግልና ነው» እየተባልኩ የኢንፌክሽን ክኒን ስውጥ ከረምኩ። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ እነሳለሁ፣ ወገቤን ያመኛል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያየልኝ ግን አልነበረም። እዚህ በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ በመቀመጫዬ በኩል በጣት መረመረኝ። አፍሬ ነበር፤ የሚያደርገውን አስቀድሞ እየነገረኝ ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። ከወንድ ፊኛ ሥር ያለውን የፕሮስቴት ዕጢ ሁኔታ የሚጠቁመው፣ ፒኤስኤ የሚሉት የደም ምርመራ 140 ሆነ፤ ከ4 ካለፈ ነው ማጠራጠር የሚጀምረው። ከዕጢው 12 ቦታ የተወሰደው ናሙና ካንሰር መሆኑን አሳየ፤ የክፋቱ ልክም ግሊሰን በሚሉት መለኪያ ከ10 8 ሆነ። በኤምአርአይ ሲታይ የወገቤ አጥንት ላይ ደርሷል።

ክሊኒኩን የወደድኩት ውጤቱን በነገረን ቀን ነው። ባለቤቴ ውጭ ተቀምጣ ነበር፤ «እሳቸውም ይግቡ» ብሎ አስገባት። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ በካርዴ ጀርባ ላይ ሥዕል ሣለልን። ካንሰሩ ከፕሮስቴት ዕጢው ስለወጣ ዕጢውን ማውጣት እንደማያድነኝ፣ የሚመገበው የወንድ ሆርሞን ሲቋረጥበት ግን እንደሚዳከም አስረዳን። መንገዱ ሁለት ነው፦ በየሦስት ወሩ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ፣ ወይም በአንድ ቀላል ቀዶ ጥገና የዘር ፍሬን ማውጣት። ሆርሞኑን በማውረድ እኩል ናቸው። ሁለቱም የግብረ ሥጋ ፍላጎት ያጠፋሉ፣ ሙቀትና ላብ ያመጣሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ። መርፌው መጀመሪያ ላይ ሆርሞኑን ለጥቂት ቀን ከፍ ስለሚያደርገው አስቀድሞ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ አጥንቱ ለተነካ ሰው ይህ መዘለል የለበትም አለን።

ተናግሮ ሳይጨርስ «መርፌው ይሁንልኝ» አልኩ። ስልብ የሚለው ቃል በእኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ጋሼ፣ ዛሬ አይወስኑ። ቤት ገብታችሁ ተነጋገሩበትና በሳምንቱ ይምጡ» አለኝና ክኒኑን ጻፈልኝ።

ማታ ባለቤቴ ቡናውን እየቆላች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «በሦስተኛው ወር መርፌው ቢጠፋስ? መንገዱ ቢዘጋስ?» መርፌው ከአዲስ አበባ ተፈልጎ የሚመጣ ነው፤ የመንገዱን ነገር ደግሞ ለመንዝ ሰው አልነግረውም። ሳምንቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ ከረምኩና ቀዶ ጥገናውን መረጥኩ። ልጁ አዲስ አበባ የሚኖር ጎረቤቴ መርፌውን መርጧል፤ ለእሱ ደግሞ ያ ነው ልኩ።

ከወገቤ በታች አደንዝዘው ሠሩልኝ፣ በዚያው ቀን ወጣሁ። በሦስተኛው ወር ፒኤስኤው 3 ሆነ፣ ወገቤም ቀለለኝ፤ በጎቹን ተከትዬ እስከ ወንዙ እወርዳለሁ። ሙቀቱ ግን የተነገረኝን ያህል ነው። በዚያ ብርድ እኩለ ሌሊት ላይ ባናውን ገፍፌ፣ ደረቴን ገልጬ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ትነቃና ምንም ሳትል ጀርባዬን በነጠላዋ ትጠርግልኛለች። ኀዘንም አለው፤ የለውም ብዬ አልዋሽም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ዋጋ አይለጠፍም፤ ገበሬ የሚከፍለውን የሚያውቀው ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ቆሞ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፦ ሽንት ቤቱ ተቆልፎ ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ነው። ተራ የምንጠብቀው ሁላችን የሽንት ሕመምተኞች ነን። አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ቁልፉ እስኪመጣ ሱሪያቸው ሲረጥብ፣ በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ግድግዳው ሲዞሩ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ለኃላፊዋ ተናግሬአለሁ።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፤ አንዱን ያስቀረሁት ለዚያ በር ነው። በሚቀጥለው ወር ለክትትል እሄዳለሁ፤ ተከፍቶ ካገኘሁት እዚሁ ገብቼ አስተካክላለሁ።