የሐምሌ ግብር እና የሐምሌ ጎርፍ፦ ከአንድ የሰሜን ሸዋ ወረዳ ያገኘሁት አገልግሎት

የምነግደው በሰሜን ሸዋ ቆላማ ክፍል፣ ከደብረ ሲና በታች በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። ማሾና ሽንኩርት ከገበሬ እየገዛሁ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች አስረክባለሁ። ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ሱቅ አስተያየት እንደሚጽፍ ሁሉ፣ በየዓመቱ ግብር የምንከፍለው ወረዳ የሚሰጠንን አገልግሎት መመዘንም ተገቢ መስሎ ስለታየኝ ይህን ጽፌአለሁ። ጉዳዩ በአካባቢው ያሉ ብዙ ከተሞችን ስለሚመለከት የወረዳውን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም።

በጎውን ላስቀድም። የግብር መክፈያው መስኮት ከነበረበት እጅግ ተሻሽሏል። በ2009 የቀን ገቢ ግምት፣ ማለትም ግብር ለመጣል የነጋዴው የዕለት ገቢ የተገመተበት ሥራ፣ በመላ አገሪቱ ነጋዴውን ምን ያህል እንዳስቆጣ የሚያስታውስ ሰው፣ ዛሬ ግምቱ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደተሠራ ጠይቆ መልስ ማግኘት መቻሉን አቅልሎ አያየውም። ባለፈው ሐምሌ ከፊቴ ተሰልፈው የነበሩ አንድ አዛውንት ባለሱቅ የተጠየቁት ገንዘብ በዝቶባቸው ግራ ሲጋቡ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ወረቀቱን ወደ እርሳቸው አዙራ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የዘንድሮው ነው፤ ይሄኛው የዓምናው ውዝፍ ነው፤ ወለዱን ለብቻው ጽፌልዎታለሁ» እያለች በጣቷ መስመር በመስመር አሳየቻቸው። ወረፋው ረጅም ቢሆንም ያጉረመረመ አልነበረም። ደረሰኙ ላይ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በትክክል ይሰፍራል፤ ለንግድ ፈቃድ እድሳት የሚያስፈልገው ክሊራንስም (የግብር ዕዳ አለመኖሩን የሚያረጋግጠው ወረቀት) ያለ ምልልስ ይሰጣል። ለዚህ ክፍል ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከደረሰኙ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴን የትርፍ ግብር፣ የገበሬውን የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን ለክልል ስለሰጠ፣ እኛ የምንከፍለው ገንዘብ ከክልሉ ድጎማ ጋር ተደምሮ የወረዳው በጀት ይሆናል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ እንደሚውል አውቃለሁ፤ ይህም ተገቢ ነው። ለቦይ፣ ለመንገድና ለጎርፍ መከላከያ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለሆነም መቼ እንደሚወጣ እጅግ ያሳስበኛል።

የእኛ ጎርፍ በከተማችን ላይ በሚጥለው ዝናብ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የጣርማ በር ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ደጋው ላይ የዘነበው ውኃ በዚህ ገደል ተንደርድሮ በሮቢ፣ በጀውሃና በአታዬ ወንዞች ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና የተሸከመውን ድንጋይና ደለል እዚያው ያራግፋል። የወንዙ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ስለሚሄድ ውኃው ከአልጋው ወጥቶ ማሳና ሰፈር ይገባል። ስለዚህ ደለል ማውጣት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ፕሮጀክት አይደለም፤ በየዓመቱ መደገም ያለበት ሥራ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ምክር ቤቱ በጀቱን አጽድቆ፣ ግዢ ተፈጽሞ፣ ማሽን ተከራይቶ ሥራ እስኪጀመር ድረስ ሐምሌና ነሐሴ፣ ማለትም ዋናው የዝናብ ጊዜ፣ ያልፋሉ። በበጋ ደግሞ ስለ ጎርፍ የሚያነሳ የለም። ሰኔ ሲደርስ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ጥድፊያ ይጀመራል፤ ቦይ የሚቆፈረውም መሬቱ ከራሰ በኋላ ይሆናል። ዓምና እስካቫተሩ ያወጣው ደለል ከቦዩ አፍ ላይ ሳይነሳ ስለቀረ፣ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ተመልሶ ገባ። በመጋዘኔ አጠገብ ያለው ቱቦ በሽንኩርት ቅጠል፣ በፕላስቲክና በጭቃ ተደፍኖ ውኃው ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ ከታች የተደረደሩት የማሾ ጆንያዎች በማግስቱ አቆጠቆጡ። ለቱቦው መደፈን እኛ ነጋዴዎች ቆሻሻ በመጣል ድርሻ እንዳለን አልክድም፤ ቢሆንም በግንቦት አንድ ሳምንት የጉልበት ሥራ ቢመደብለት ኖሮ ቱቦው ክፍት በሆነ ነበር። ለጎርፍ መከላከል ከአምስት አንድ ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ እርሱም በወንዙ ዳር ለተሠራውና እስካሁን ለቆመው ጋቢዮን (በሽቦ መረብ ለታሰረው የድንጋይ ግድብ) ነው።

ስለ ተጠርጣሪዎች ማቆያም አንድ ነገር ልበል። ሸዋ ሮቢት ያለው ትልቁ ማረሚያ ቤት የፌዴራል በመሆኑ በወረዳ በጀት አይተዳደርም። የወረዳው ፖሊስ ጣቢያ ማቆያ ግን የእኛው ጉዳይ ነው። በምሳ ሰዓት በጣቢያው በር ያለፈ ሰው፣ ሳህን በፎጣ ቋጥረው ተራ የሚጠብቁ እናቶችንና ሚስቶችን ያያል። ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ታሳሪ ሌሎቹ ከሚያካፍሉት ይበላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ያዝዛል። በፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው በጀት ግን የጸጥታው ወጪ በአንድ ድምር ስለተቀመጠ፣ ለታሳሪ ምግብና ውኃ የተያዘ ገንዘብ ይኑር አይኑር መለየት አይቻልም። በማላየው ነገር ላይ ነጥብ አልሰጥም፤ ወጪው ተዘርዝሮ እንዲለጠፍ ግን በግብር ከፋይነቴ እጠይቃለሁ።

ግብሬን በወቅቱ መክፈሌን እቀጥላለሁ፤ ሌሎችም በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ወረፋው ሳይበዛ፣ የዓምናውን ደረሰኝ ይዘው እንዲሄዱ እመክራለሁ። ምክር ቤቱ ደግሞ የቦይና የወንዝ ጠረጋውን ገንዘብ ከሌላው ካፒታል በጀት ለይቶ፣ ሥራው ከመጋቢት እስከ ግንቦት እንዲያልቅ በውሳኔ ቢያስቀምጥ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ሳያስፈልገው የብዙ ሰው ንብረት ያድናል። ይህን ሐሳብ በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ፤ በከተማችን ያላችሁ ነጋዴዎችም ፊርማችሁን እንድታኖሩበት እጠይቃለሁ።