መርፌ የከለከለችን ዶክተር

አዲስ አበባ ለእረፍት ስሄድ ሐሳቤ ስለ ክትፎ ቤቶች ልጽፍላችሁ ነበር። እማዬን ትኩሳትና ሳል ያዛትና ጊዜዬ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት አለቀ። ስለዚህ ስለ እነሱ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ ነው፤ ስሙ ይቅር። ሐኪሙ በሹራቧ ላይ ደረቷን አዳመጠና "ኢንፌክሽን ነው" ብሎ ሴፍትሪያክሶን የሚባል የአንቲባዮቲክ መርፌ በየቀኑ እየመጣች እንድትወጋ አዘዘ። ራጅ የለ፣ የደም ምርመራ የለ። ፍጥነት ለሚፈልግ ፈጣን ነው። እኛ ሳንወጋ ወጣን።

የጎረቤት ምክር ደግሞ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የሚባለው አንቲባዮቲክ ኪኒን ነበር። ጥግ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ማዘዣ የሚባል ነገር አላነሳም። ልጁ የጠየቀኝ "ስንት ፍሬ ልቁጠርልህ?" ብቻ ነው። እኔ የምኖርበት ሜሪላንድ፣ አሜሪካ፣ ያለ ማዘዣ አንዲት ፍሬ አንቲባዮቲክ አይሸጡልህም። ኢትዮጵያም ሕጉ ያው ነው፣ ግን ማን ይጠይቃል?

ሁለተኛው ክሊኒክ ሌላ ዓለም ነው። ዶክተሯ ወጣት ናት። "እማማ፣ ዘና ይበሉ" ብላ የእማዬን እጅ ያዘችና ዝም አለች። የልብ ምት የምትቆጥር መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይኗ የእማዬ ደረት ላይ ነው፤ ትንፋሽ እየቆጠረች ነው፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። "እንደሚቆጠርባቸው ካወቁ አተነፋፈሳቸው ይቀየራል" አለችኝ በኋላ። 24 ሆነ። 30 ቢደርስ ኖሮ ሆስፒታል ስለ መተኛት ነበር የምናወራው።

ይዤው የሄድኩት የጣት ኦክስጅን መለኪያ እማዬ ላይ 92 ብሎ አስደንግጦኝ ነበር። ዶክተሯ እኔ ጣት ላይ አደረገችው፤ 94። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጤነኛውም ቆላ እንዳለ ሰው 98 ላያሳይ ይችላል። ከ90 በታች ከወረደ ግን በሌሊትም ቢሆን ይዘሃቸው ና አለችኝ።

ራጁ ላይ የቀኝ ሳንባዋ ታችኛው ክፍል ነጭ ሆኗል። የሳንባ ምች። የታዘዘላት አሞክሲሲሊን 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ለ5 ቀን፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ እንድትታይ። መርፌስ? አልኳት። መዋጥ ለሚችል፣ ለማያስመልሰው፣ ግፊቱ ላልወረደና ሌላ ሕመም ለሌለበት ሰው ኪኒኑ በቂ ነው፤ ሴፍትሪያክሶን ለከፋበት ይቆይ አለች። ሲፕሮን ሳነሳባት ፊቷ ተቀየረ። የሳንባ ምችን በብዛት በሚያመጣው ኒሞኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ ሲፕሮ ደካማ ነው። ወገኑ ሌቮፍሎክሳሲን ደግሞ ለኒሞኮከስ ቢሠራም ቲቢን ለጊዜው ያለዝበውና በሽታው ሳይታወቅ ይከርማል። አክታዋንም ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ላከችው፤ ቲቢ የለባትም።

ቅሬታ አለኝ። ለካርድ ክፈሉ፣ ለራጅ ክፈሉ፣ ለደም ክፈሉ እየተባለ በየጊዜው ካሸር ጋ ሰልፍ ነው። ላብራቶሪው ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። ሳል የያዛት ሴት በየደረጃው እየቆመች ስትወጣ ማየት ያናድዳል። ሒሳቡ ሜሪላንድ ኢንሹራንሱ ድርሻውን ከፍሎ እንኳ ለአንድ ቀጠሮ ከኪሴ ከምከፍለው አይበልጥም፤ ለጡረተኛ ግን ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። እኔ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ፣ አንዱ የደረጃው ነው። እማዬ ግን ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማኋት፦ "ያን ሁሉ ብር ከፍሎ አንዲት መርፌ እንኳ አላስወጋኝም!"