ስዊቹ፣ ሞላው ወይስ ጎማው? ኪቦርድ መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ በሰነበተችበት ሰሞን፣ ማታ ማታ የምሠራበት ክፍል በር ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። አንድ ቀን አላስቻላትም። «ልጄ፣ የማን ማመልከቻ ነው እንዲህ የምትጽፈው?» አለችኝ። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ትዝ ብለዋት ነው። አልተሳሳተችም። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው አይቢኤም በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ገበያ ያወጣው፣ ሞዴል ኤም የሚባለው ኪቦርድ ነው። ድምፁ ከታይፕ ብዙም አይርቅም።

ኪቦርድ መሰብሰብ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። በአንድ ወቅት 11 ደርሰውልኝ ነበር። አሁን 3 ቀርተውኛል። 8ቱን የሸጥኳቸው መጥፎ ሆነው አይደለም። አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ደርድሬ በየተራ ስጽፍባቸው፣ ከ11ዱ 9ኙ አንድ ዓይነት መሆናቸው ገባኝ። ቀለማቸው፣ መብራታቸው፣ መጠናቸው ይለያያል። ጣት ሥር ግን ያው ናቸው። ልብስ እየቀያየረ የሚመጣ አንድ ሰው በሉት።

ስለዚህ ይህን ንጽጽር በቀለምና በመብራት አልሄድበትም። በአሠራር ነው። ተራው የቢሮ ኪቦርድ ሥሩ አንድ ወጥ የጎማ ምንጣፍ አለው። የምንሰበስባቸው ኪቦርዶች ግን እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ ሞላ ያለባቸው ናቸው። ሞላው ምን እንደሚያደርግ ነው ልዩነቱ። ሦስት ዓይነት አሠራር ያላቸው ሦስት ኪቦርዶች ካሏችሁ ስብስብ አላችሁ። ጥያቄው የቱ ይቅደም ነው።

ስዊቹ የሚነቀለው

ገበያውን የሞላው ይሄኛው ነው። ስዊች ማለት እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለችው፣ ስትጫኗት ፊደሉን የምታስጽፈው ትንሽ ሳጥን ናት። የጀርመኑ ቼሪ በ1980ዎቹ ኤምኤክስ የሚባለውን ስዊች አወጣ። አናቱ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ የቁልፉ ክዳን እዚያ ላይ ይሰካል። የቼሪ የፈጠራ መብት ጊዜው ሲያበቃ እነ ጌትሮን፣ ካይልና ኦውቴሙ ከቻይና ያንኑ ቅርጽ ይዘው መጡ። ዋጋውም ወረደ።

ስዊች በቀለም ነው የሚጠራው። ቀዩ እስከ ታች ልስልስ ብሎ ይወርዳል። ቡናማው መንገድ ላይ ትንሽ ጉብታ አለችው፤ ጣት ታውቃታለች፣ ጆሮ አይሰማትም። ሰማያዊው «ቀጭ» ይላል። ሁሉም 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ፊደሉ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ይጻፋል። ቼሪ ለቀዩ 45 ግራም ገደማ ግፊት ይላል፤ ሰማያዊው ከዚያ ከበድ ይላል። ሌሎቹ አምራቾች ቁጥሩን እንደፈለጉ ይቀያይሩታል።

የቱ ይሻላል ብትሉኝ መልስ የለኝም። ጣታችሁን አላውቀውም። እናንተም ገና አታውቁትም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ኪቦርዳችሁ ስዊቹ ያለ ብየዳ በመንቀያ ብቻ የሚወጣ፣ ሆት ስዋፕ የሚሉት መሆን ያለበት። አንድ ኪቦርድ ገዝታችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትገዙት ስዊች ብቻ ይሆናል።

እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት ስም ደጋግማችሁ ታያላችሁ። አንዱ ሬድራገን ኬ552 ነው። 87 ቁልፍ አለው፣ ከ50 ዶላር በታች ይገኛል፣ ለዋጋው ጠንካራ ነው። ችግሩ ስዊቹ በሁሉም ዕትሞቹ ላይ አይነቀልም። ሲነቀልም ቀዳዳው ጠባብ ሆኖ ከኦውቴሙ ሌላ አላስገባም ሊል ይችላል። ጸሐፊ ከሆናችሁና አንድ ኪቦርድ ብቻ ከፈለጋችሁ ግዙት። ለመሰብሰብ ከሆነ ግን ሁለተኛው ወር ላይ ያግዳችኋል።

ሌላው ኪክሮን ቪ1 ነው። 100 ዶላር አካባቢ ነው። የኤምኤክስ ቅርጽ ያለውን ማንኛውንም ስዊች ማለት ይቻላል ይቀበላል፤ ባለ 3 እግርም ባለ 5 እግርም። ክዳኖቹ ፒቢቲ ከሚባለው ፕላስቲክ ስለሆኑ ቶሎ አያብረቀርቁም። በርካሾቹ ላይ የሚደረገው ኤቢኤስ በጥቂት ወራት ውስጥ ቅባት የተቀባ ይመስላል። የቁልፎቹን ቦታ በፕሮግራም መቀየርም ይቻላል። ተራው ቪ1 በገመድ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ብሉቱዝ አትጠብቁ። የዚያው ድርጅት ኪው1 አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ ከ1.5 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ጠረጴዛ ላይ ያምራል። እኔ ግን ጣቴ ሥር የዋጋውን ያህል ልዩነት አላገኘሁበትም።

አሁን ለአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የሚሆን ነገር ልንገራችሁ። በድምፅ አጻጻፍ ስትጽፉ «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፣ አምስት ጊዜ ግን ትመታላችሁ። አናባቢዎቹን የሚመቱት ጣቶች ቀኑን ሙሉ አያርፉም። ጠ፣ ጨ፣ ኘን ለማውጣት ደግሞ በብዙዎቹ አጻጻፎች ሺፍት ይያዛል። «ጨጨብሳ» ብላችሁ ጻፉና ትንሿ ጣታችሁን ጠይቋት። ስለዚህ ከተለያዩ ስዊቾች ጥቂት ፍሬ ለናሙና ግዙ። አምስቱ አናባቢዎችና ሁለቱ ሺፍቶች ላይ ብቻ ሰክታችሁ አንድ ሳምንት ጻፉ። እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ሰማያዊውን የተውኩት። ድምፁን እወደው ነበር፤ ማታ ላይ ግን እጄ ይደክም ነበር። አሁን አናባቢዎቼ ሥር ቀዩ፣ ሌሎቹ ሥር ቡናማው ነው ያለው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ሞላው የሚጎብጠው

ሞዴል ኤም ውስጥ ለብቻው ተነቅሎ የሚቀየር ስዊች የለም። ቁልፉን ስትጫኑ ሞላው ይጨመቃል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያ ድንገት ይጎብጥና ሥሩ ያለችውን ትንሽ መዶሻ ያላጋታል። ያ ነው ድምፁ። ፊደሉ የሚጻፈውም በዚያችው ቅጽበት ነው። ሰማያዊው ስዊች ውስጥ «ቀጭ» የምትለው ለድምፅ ተብላ የገባች ተንሸራታች ነገር ናት። ለጆሮ ይመሳሰሉ ይሆናል፤ ለጣት አይገናኙም። ግፊቱም ከበድ ይላል፣ ወደ 70 ግራም ይጠጋል። ሳይከብዳችሁ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ስጡት።

አይቢኤም በ1991 ይህን ሥራ ሌክስማርክ ለሚባለው ድርጅት አስተላለፈ። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ዩኒኮምፕ የሚባል አነስተኛ ኩባንያ ኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን ከተማ ውስጥ ያንኑ አሠራር ይዞ ቀጠለ። እስካሁን አዲስ ይሸጣል። ስለዚህ ምርጫው አሮጌ ወይስ አዲስ ነው።

አዲሱ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ በዩኤስቢ ይሰካል፣ የዊንዶውስ ቁልፍ አለው። የፕላስቲኩ አጨራረስ እንደ ድሮው የተጠነቀቁበት አይደለም። ሞላው ግን ያው ሞላ ነው።

አሮጌው 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሆዱ ውስጥ የብረት ላሜራ አለ። ጀርባው ላይ የተሠራበት ቀን የታተመበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚገለብጠው ለዚህ ነው። በተወለዳችሁበት ዓመት የተሠራውን የመፈለግ አባዜ አለ፤ እኔንም ይዞኛል። ሰኪያው ግን የድሮው ክብ ነው። ርካሹ መቀየሪያ ብዙ ጊዜ አያሠራውም። ውስጡ ቺፕ ያለበትን ኮንቨርተር መግዛት ግድ ይላል። የዊንዶውስ ቁልፍም የለውም። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫኑ አንዱ ሊጠፋም ይችላል። ጌም የምትጫወቱ ከሆነ እርሱት።

ትልቁ ሕመሙ ግን ሌላ ነው። ላሜራውን ከላዩ አካል ጋር የያዙት በሙቀት የተደፈጠጡ የፕላስቲክ ምስማሮች ናቸው። ሲያረጁ ይሰበራሉ። እኔ የመጀመሪያውን የገዛሁት ኦንላይን «በሚገባ ይሠራል» ካለኝ ሻጭ ነበር። ሳጥኑን ሳነሳው ውስጡ ሽምብራ ያለበት ቆርቆሮ ይመስል ተንኳኳ። 6 ቁልፍ አይጽፍም። ገንዘቤን ጠየቅኩ፣ መልስ የለም። ሁለት ቅዳሜ ፈጅቼ የተሰበሩትን አጸዳሁ፣ በትንሽ መሰርሰሪያ በሳሁ፣ በምትካቸው ጥቃቅን ብሎን ከነዳዶው አሰርኩ። ዛሬ እናቴን ያስገረመው እሱ ነው። እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሁሉም ቁልፍ ሲጻፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቁ፣ የጀርባውን ወረቀት ፎቶ ጠይቁ፣ «እስቲ ነቅንቀህ አሰማኝ» በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ፤ ሞላ በሽ በሽ ነው።

ጎማው

ሦስተኛው የጃፓኑ ቶፕሬ ነው። እዚህ ላይ ሰብሳቢዎች ይጨቃጨቃሉ። ምክንያቱም ቁልፉ ሥር ጎማ አለ። ጎማው ሥር ደግሞ ሾጠጥ ያለች ሞላ አለች። ሞላዋ ወደ ታች ስትወርድ የኤሌክትሪክ መጠኑ ይቀየራል፣ ኪቦርዱም ያንን አይቶ ይጽፋል። ብረት ከብረት አይነካካም። ስለዚህ አንዴ መትታችሁ ሁለት ጊዜ የመጻፍ ጣጣ እዚህ የለም። ጎማ ስላለው ሜካኒካል ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሚወዱት እተዋለሁ። ጣት ሥር የሚሰማው ከሌሎቹ ከሁለቱም የተለየ ነው፣ ለስብስብ ይሄ ይበቃል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቀስ ተብሎ በተዘጋ የእንጨት ሳጥን ዓይነት።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሃፒ ሃኪንግ ነው። ፒኤፍዩ የሚባለው የጃፓን ድርጅት ከፕሮፌሰር ኤይቲ ዋዳ ጋር ሆኖ በ1996 አወጣው፤ ቶፕሬ የገባበት ግን በ2003 በፕሮፌሽናሉ ዕትም ነው። ዋዳ ኪቦርድን ከኮርቻ ጋር ያመሳስሉታል። ካውቦይ ፈረሱ ቢሞትበት ኮርቻውን ፈትቶ ይዞ ይሄዳል፣ ኮምፒውተርም ፈረሱ ነው ይላሉ። እኛ አገር ይህ ነገር ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሜሪካ በሚሸጠው ላይ 60 ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ቀስቶቹ የሉም፤ ሌላ ቁልፍ ይዛችሁ ነው የምታገኟቸው። ጽሑፍ ከላይ ታች እያላችሁ የምታርሙ ከሆነ የመጀመሪያው ወር ያበሳጫችኋል። ሁለተኛው መንገድ ሪልፎርስ ነው። ቀስቶቹም ቁጥሮቹም ያሉበት ሙሉ መጠን አለው። አንዳንዱ ዕትም ላይ ትንሿ ጣት ከምትነካቸው ቁልፎች ብዙዎቹ 30 ግራም፣ ሌሎቹ በአብዛኛው 45 ተደርገው ይሠራሉ። የ«ጨጨብሳ»ን ፈተና ያለ ቅሬታ ያለፈ ይሄ ብቻ ነው። ሁለቱም ከ200 ዶላር በላይ ናቸው። ለቪ1 የገዛችኋቸው ክዳኖች ደግሞ ብዙዎቹ ቶፕሬዎች ላይ አይገጥሙም።

ጎን ለጎን

ድምፅ፦ ሕፃን ወይም የሚተኛ ሰው ያለበት ቤት ሞዴል ኤም አይገባም። ቶፕሬ ይገባል። ስዊቹ የሚነቀለው እናንተ እንዳደረጋችሁት ነው።

ጥገና ላይ የሚነቀለውን የሚስተካከል የለም። አንድ ቁልፍ ሞተ? ነቅላችሁ በሳንቲሞች የሚገዛ ሌላ ትሰካላችሁ። ሞዴል ኤም ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ቶፕሬ እምብዛም አይበላሽም፤ ከተበላሸ ግን መለዋወጫው ውድ ነው።

ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው ቶፕሬን አስቀድማለሁ። በደስታ ደግሞ ሞዴል ኤምን። ተርጓሚ ወዳጄ ሁለቱንም ሞክሮ ከሞዴል ኤም አልነሳም ብሎ አመሸ፤ በማግስቱ ጣቴ አለኝ።

ቅደም ተከተሉ ታዲያ? መጀመሪያ ስዊቹ የሚነቀለው። ጣታችሁ ምን እንደሚወድ በሱ እወቁ። ቀሎ የሚወርደውን ከወደዳችሁ ሁለተኛው ቶፕሬ ይሁን፣ የሚጮኸውንና የሚከብደውን ከወደዳችሁ ሞዴል ኤም። ቶፕሬን ሳትሞክሩት በመጀመሪያ መግዛት ግን 200 ዶላር ከፍሎ መገመት ነው። አንዳንዶች ሁለተኛው አፕል በ1987 ያወጣው ኤክስቴንድድ ኪቦርድ ይሁን ይላሉ። ውስጡ አልፕስ የሚባለው የጃፓን ድርጅት ስዊች ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግሩም ነው። ነገር ግን አቧራ ከገባው ይሻክራል፣ ሰኪያውም ዛሬ የትም የለም። አራተኛ ይሁን።

ለአገር ቤት ሰው የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሚዛን አለ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ ሞዴል ኤም ካላገኘሁ ብሎ ነበር። እናቴ የመመለሻዋ ቀን ሲደርስ ሻንጣዎቿን አንድ በአንድ መዘነች። 23 ኪሎ፣ አንዲት ፍሬ አታልፍም። ኪቦርዱን አንስታ አየችው። «ይሄን ብረት ተሸክሜ አልሄድም፤ የሕፃናቱ ጫማ ይቀራል እንዴ?» አለችና መለሰችልኝ። ወንድሜ ቪ1 ነው የደረሰው፣ ከአንድ ከረጢት ሰማያዊ ስዊች ጋር። ሰክቶ የጨረሰ ዕለት ማታ እናቴ ደወለችልኝ። ማመልከቻው እዚያም ተጀምሯል።