መርፌውን ያዘገየው ሐኪም

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት ሪሴፕሽኑ ላይ ነው፤ የሆስፒታሉን ስም የማልጠራውም ለዚሁ ነው።

የ16 ዓመት ወንድሜ ከጉልበቱ በላይ ሲያመው ቤቱ በሙሉ «ኳስ ነው» አለ። ክሊኒክ ማስታገሻ ሰጠው፣ ወጌሻ አሸው፣ ሁለት ወር እንዲሁ ሄደ። ግን ሌሊት ሌሊት ይብስበት ነበር። ኳስ የጎዳው እግር አብዛኛውን ጊዜ ሲያርፍ ይሻለዋል እንጂ ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም።

እዚህ የአጥንት ሐኪሙ ተራ ራጅ አዘዘ። ራጅማ ምን ሊያሳይ ብዬ ነበር። የጭኑ አጥንት ታችኛው ጫፍ ተበልቶ፣ ከጎኑ አዲስ አጥንት እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ውጭ ተበትኖ አየሁ። «የካንሰር ጥርጣሬ ነው፣ ገና ስም አልሰጠሁትም» አለ።

እዚያው በመርፌ ናሙና ውሰድ ብዬ ጨቀጨቅኩት። እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ኤምአርአይ፣ እሱም ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን የጭኑን አጥንት ከላይ እስከ ታች፤ አንዳንዴ ከዋናው ዕጢ ርቆ እዚያው አጥንት ውስጥ ሌላ ትንሽ ዕጢ ስለሚደበቅ። ደረቱን ደግሞ በሲቲ ስካን፣ ይህ ዓይነቱ ካንሰር ሲዛመት አብዛኛውን ጊዜ ሳንባን ስለሚይዝ። ናሙናውንም መውሰድ ያለበት በኋላ ኦፕራሲዮኑን የሚሠራው ቡድን ነው፣ ወይም ከእሱ ጋር የተመካከረ ሰው፤ መርፌው ባለፈበት መንገድ ላይ የካንሰር ሴል ሊቀር ስለሚችል መንገዱም አብሮ ይወጣል። ያለቦታው ከተወጋ ሊተርፍ የነበረ እግር ሊቆረጥ ይችላል። ይህን ስሰማ አፌን ዘጋሁ።

የደም ምርመራም ነበር፣ እሱ ብቻውን ካንሰር ነው ወይም አይደለም አያሰኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አጥንት ያለበት ናሙና ማይክሮስኮፕ ስር ከመግባቱ በፊት ካልሲየሙ እንዲወጣ ተዘፍዝፎ ስለሚቆይ ቀናት ይፈጃል። ይህን የነገረን ኮሪደር ላይ ያገኘነው የላብራቶሪ ልጅ ነው! ሪሴፕሽኖቹ «ነገ ኑ» እያሉ አራት ቀን አመላለሱን፤ እናቴ በየቀኑ ሻሿን አስራ፣ ዳዊቷን ይዛ።

ውጤቱ ኦስቲዮሳርኮማ የሚባል የአጥንት ካንሰር ሆነ። ሐኪሙ ወንበሩን ከጠረጴዛው ወዲህ ስቦ ለወንድሜ ነገረው፣ በእኔ በኩል አላስተላለፈም። ልጁ የጠየቀው ኳስ እንደገና ይጫወት እንደሆነ ነው። «ቃል አልገባልህም፣ እግርህን ለማትረፍ ግን እንሞክራለን» አለው። ኬሞው ማክሰኞ ይጀመራል።