ጫት ለማቆም 6 ሳምንት የተመላለስኩበት ክሊኒክ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የግል ክሊኒክ ነው። የማማርርበት ነገር ስላለኝ ስሙን አልጽፍም። ግን "ለጫት ደግሞ ሕክምና አለው እንዴ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልንገራችሁ።

11 ዓመት ቅሜያለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለፈተና ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ በለጬም ሆነ ገለምሶ ያገኘሁትን። ሥራዬ ሂሳብ ነው። አንድ ቀን አለቃዬ የነገረኝን ቁጥር ከቢሮው ወጥቼ ጠረጴዛዬ ጋ እስክደርስ ረሳሁት። ተመልሼ ጠየቅኩት። አሁንም ረሳሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ አፈርኩና በማግስቱ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሳይኮሎጂስቷ መርፌም ክኒንም አላወጣችም። "ቁጥር እጠራልሃለሁ፣ ከኋላ ወደ ፊት ትመልስልኛለህ" አለች። ሦስት ቁጥር ቻልኩ። ቀጥላ "7፣ 2፣ 9፣ 4" አለች። "4፣ 9..." ብዬ ቆምኩ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስደምር የምውል ሰው ነኝ፣ እጄን ላብ በላብ አደረገኝ። ደግማ ሌላ ሞከረችኝ፣ ያው ነው።

ከዚያ ወረቀት አወጣችና ሁለት የነርቭ ጫፎች ሳለችልኝ። የከፈልኩት ገንዘብ ዋጋ ያወጣልኝ እዚህ ላይ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው፣ እና ደስታውን ከውጭ ይዞልን አይመጣም፣ ነርቮቻችን ያጠራቀሙትን ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የሚባሉ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገሮች ነው ዘርግፎ የሚያስወጣው። ምርቃና ያ ነው። ሲያልቅ ድብርቱ ይከተላል። ካቲኖን ቅጠሉ በተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚቀየር ነው በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለለው። የጫት አይሱዙ ለምን እንደዚያ እንደሚከንፍ ያኔ ገባኝ።

ስለ ሆርሞኖቹም አስረዳችኝ። ስንቅም ሰውነት አደጋ የመጣበት ይመስለዋል፣ ልብ ይመታል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ይዘጋል። ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን "በቃ ተኛ" ማለት ሲጀምር እኛ ገና ዓይናችንን አፍጠን ቁጭ ብለናል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይኬዳል፣ መጠጡ ደግሞ የቀረችውን እንቅልፍ ያበላሻል። ቀን የተማርነውን አእምሮ የሚያደላድለው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። ከኔዘርላንድስ ላይደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናትም አሳየችኝ። ጫት ቃሚዎቹ ነገርን በአእምሮ ይዞ በማሰላሰልና ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ በመቀያየር ከማይቅሙት ያነሰ ውጤት ነበራቸው። "ሰነፍ ሆኜ ነው" ብዬ ራሴን ስረግም ለኖርኩት ሰው ይህን መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ለጫት ሱስ ተብሎ የተፈቀደ የተለየ መድኃኒት የለም፣ እሷም አልዋሸችኝም። ክኒን ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ትናደዳላችሁ። የሚሰጣችሁ ምክር፣ የእንቅልፍ ሰዓት ማስተካከያና በየሳምንቱ የምትሞሉት ደብተር ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። እንቅልፍ፣ ንጭንጭ፣ ከዚያ ዱካክ። ገደል አፋፍ ላይ አንጠልጥሎ የሚያሳድር ሕልም ነው። እናቴ ስጮህ ሰምታ መጣችና "ልጄ፣ ይሄ ዱካክ ነው፣ ጸበል እንሂድ" አለችኝ። ለሳይኮሎጂስቷ ስነግራት አልሳቀችም። እንቅልፍ ተነፍጎ የኖረ አእምሮ ሲለቀቅ ሕልም እንደሚያበዛ ነገረችኝና "ጸበሉንም ሂድ፣ ከቀጠሮውም አትቅር" አለች። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ቃምኩ። ሰኞ ነገርኳት። ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ምን ተሰምቶኝ እንደነበር ጠየቀችኝ እንጂ አልተቆጣችኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቀጠሮ የሚሰጡት ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነው። የቃመ ሰው ያውቀዋል፣ 8 ሰዓት ማለት በርጫ የሚጀመርበት፣ ሐራራው አናት ላይ የሚወጣበት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ 40 እና 50 ደቂቃ ያስጠብቃሉ። ግቢው በር አጠገብ ደግሞ ጫት ቤት አለ። መጠበቂያው ወንበር ላይ ሆኜ በመስኮቱ ሰዎች እስራቸውን ይዘው ሲወጡ አያለሁ። አንድ ልጅ ከአጠገቤ ተነስቶ "መጣሁ" ብሎ ወጣና አልተመለሰም። ፊቱ እስካሁን አይጠፋኝም። ጫት ቤቱን ማስነሳት አይችሉ ይሆናል፣ ሰዓቱን መቀየር ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው፣ "እናያለን" አሉ።

ዋጋው በአንድ ቀጠሮ 700 ብር ነው። ውድ ነው፣ ግን እኔ በወር ለጫት፣ ለለውዝና ለጨብሲ የማወጣውን ስደምረው በወር ለቀጠሮ ከምከፍለው ይበልጥ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ያንኑ ፈተና ሰጠችኝ፣ ቁጥሮቹ ሌላ ናቸው። አምስት መለስኩ። "ፈተናውን ስለለመድከውም ሊሆን ይችላል" አለችኝ፣ እውነቱን ስለነገረችኝ ወደድኳት።

የምትሄዱ ከሆነ የጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አጥብቃችሁ ጠይቁ፣ አልፎ አልፎ ይሰጣሉ። ስትገቡም በዋናው በር ሳይሆን በጀርባ በኩል ባለው ትንሿ በር ግቡ። በዚያ በኩል ጫት ቤት የለም።