ኢንዱስታር-51 በእጅ በተሠራ 4×5 ካሜራ ላይ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ኢንዱስታር-51 ለ13×18 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ካሜራ የተሠራ የሶቪየት ሌንስ ነው፤ የትኩረት ርዝመቱ 210 ሚሊ ሜትር፣ የብርሃን ቀዳዳው እስከ ኤፍ 4.5 የሚከፈት (የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል)። በ4×5 ኢንች ፊልም ላይ ምስሉ ሰፍቶ ይተርፋል። ፊልሙ አግድም ሆኖ ሌንሱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ቢነሳም ጥጎቹ አይጨልሙም። ሕንፃ ለሚያነሳ ሰው ይህ ብቻውን ሌንሱን ያስመርጠዋል።

ሹተር (ብርሃኑን ለተወሰነ ጊዜ ከፍቶ የሚዘጋ መሣሪያ) ግን የለውም። ክዳኑን በእጅ ከፍቶ መዝጋት ከ1 ሰከንድ በታች አያስተማምንም። በኤፍፒ4 ፕላስ ፊልም (አይኤስኦ 125)፣ በጠራ ፀሐይ፣ በኤፍ 32 የሚያስፈልገው 1/30 ሰከንድ ገደማ ነው። ብርሃኑን 64 ጊዜ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ሲገጠም 2 ሰከንድ ይሆናል፤ ፊልሙ በረጅም ጊዜ ስለሚደክም 2 ተኩል ይሰጠዋል።

ብዙ ሰው ሌንሱን የሚያማው በራሱ ካሜራ ጥፋት ነው። ከፊልም መያዣው ጠርዝ እስከ ፊልሙ ያለው ጥልቀት 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የማተኮሪያው መስታወት የተፈተገ ገጽም እዚያው ልክ ላይ፣ ወደ ሌንሱ ዞሮ መቀመጥ አለበት። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ተገልብጦ ከገባ ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ ስለሚሰበር ስህተቱ 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በኤፍ 22 ላይታይ ይችላል፤ በኤፍ 4.5 ግን ዓይን ላይ የተተኮረው ፎቶ ጆሮው ጠርቶ ዓይኑ ደብዝዞ ይወጣል። በካሊፐር ሁለቱንም ለክቶ በወረቀት ስስ ንጣፍ ማስተካከል ይበቃል።

የሌንስ ሰሌዳው መጀመሪያ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነበር። እርጥበት ሲያገኘው ተጣመመ፤ አንዱ የምስሉ ጎን ደበዘዘ። በ3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሲተካ ችግሩ ጠፋ። ሌንሱን ከሰሌዳው ጋር የሚያስረው ቀለበት ከጠፋ፣ ቀዳዳው ከመቆረጡ በፊት የጥርሱ ዲያሜትር ይለካ፤ በግምት የተቆረጠ ቀዳዳ ብርሃን ያስገባል።

ቤሎሱ (በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለው ተጣጣፊ ክፍል) 30 ሴንቲ ሜትር ቢዘረጋ ለፊት ፎቶ ይበቃል፦ 1 ሜትር ላይ ላለ ሰው 266 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፣ ኤክስፖዠሩም በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ይጨመራል። ይህን የረሳ ኔጋቲቩ ይሳሳበታል።

በሌንሱ መስታወት ላይ የተቀባው ፀረ-ነጸብራቅ ሽፋን ነጠላ ስለሆነ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ኮንትራስቱ ይወድቃል። ጥላ ማድረጊያ ይጠቅማል፤ የሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የማያበራ ጥቁር ቀለም ይቀባ።