የቼክ አሻንጉሊት ቲያትር በባዕድ አገር፦ ቡድን ከፕራግ ማስመጣት ወይስ እዚያው መሥራት?

ኒውዮርክ ያለ የቼክ ማኅበር የአሻንጉሊት ትርኢት ሲያስብ ይህ ጥያቄ አይቀርለትም።

ወጪ፦ ቡድን ማስመጣት የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛና ማደሪያ ይጠይቃል። እዚያው ለመሥራት እንጨት፣ ጨርቅና ክር ይበቃል። ጊዜ ግን ይበላል።

ጥራት፦ እዚህ ላይ እንግዳው ቡድን ይበልጣል። ባለ ክሩ ማሪዮኔት ልምድ ይፈልጋል፤ ክሩ ከተጠላለፈ ትርኢቱ አለቀለት። ጀማሪ በእጅ በሚጠለቀው ቢጀምር ይሻለዋል።

ቋንቋ፦ እንግዶቹ ጥርት ያለ ቼክኛ ይዘው ይመጣሉ። ልጆቹ ግን ሰምተው ይወጣሉ እንጂ አይናገሩም። ካሽፓሬክ የተባለውን ቀልደኛ ራሳቸው ሲያጫውቱት አፋቸው ይፈታል። ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። የአሻንጉሊት አጫዋቾቹ እነ ማቴይ ኮፔትስኪ (1775–1847) በኦስትሪያ አገዛዝ ዘመን ከመንደር መንደር እየዞሩ በቼክኛ ያጫውቱ የለ?

ስጋት፦ አንዱ ጋ ቪዛ ይዘገያል፤ ሌላው ጋ በጎ ፈቃደኛው ይሰለቻል።

ማንሃተን ባለው የቼኮች ማዕከል፣ በቦሄሚያ ብሔራዊ አዳራሽ፣ ትልቅ በዓል ከሆነ የታሰበው፣ ቡድን ይምጣ። ለቅዳሜ የቋንቋ ትምህርት ከሆነ እዚያው ይሠራ። በጀቱ መሃል ላይ ለሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ኒውዮርክ ውስጥ የተመሠረተው የቼኮስሎቫክ-አሜሪካ ማሪዮኔት ቲያትር አለ፤ ባለሙያ ነው፣ ውቅያኖስም አያሻግርም።